በጨዋታ ስለ ሞተ ባለ ታሪክ ኀዘንና አሸኛኘት

ከሥራ በኋላ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ መጫወት የቤተ ሰብን ፍቅር የሚያጸና፥ የወዳጅነትንም ገመድ የሚያጠብቅ መሆኑን ለክቡራን አንባብያን ማስረዳት አያስፈልግም። ዛሬ በዚህ ዐምድ የምንናገርለት ጨዋታ ግን ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ ይኸውም ተጫዋቹ በተሸነፈ ጊዜ ወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት የደከመበትን ሰው ማጣቱ ነው። ያ ሰው ሥጋና ደም የለውም፤ ስሙና የአባቱ ስም፥ አገሩ፥ ጠባዩና መሣሪያው በአንድ ቅጠል ወረቀት ላይ ተጽፎ ይኖራል። በሞተ ጊዜ ግን በጠረጴዛው ዙሪያ የሚወርደው ዝምታ እውነተኛ ዝምታ ነው።

ጨዋታውን ላላዩት አንባብያን አካሄዱን በአጭሩ እናመለክታለን። አራት ወይም አምስት ሰዎች ይሰበሰባሉ። ከእነርሱ አንዱ የጨዋታው መሪ ይሆንና አገሩን፥ መንገዱን፥ ጠላቱንና በመንገድ የሚያጋጥመውን ሁሉ በቃሉ ይተርካል። የቀሩት ደግሞ እያንዳንዳቸው ባለ ታሪክ የሚባል አንድ ሰው ይዘው «በሩን እሰብራለሁ»፥ «ከሽማግሌው ጋራ እነጋገራለሁ» እያሉ የሚያደርጉትን ይናገራሉ። የነገሩ ፍጻሜ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ዳይስ የሚባለው፥ በየፊቱ ቍጥር የተጻፈበት ዕጣ መጣያ ይጣላል፤ የወጣውም ቍጥር ይፈርዳል። በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ እየተቀጠለ ለብዙ ጊዜ የሚሄደው ታሪክ ዘመቻ ይባላል። የዘመተ ሁሉ እንደማይመለስ የታወቀ ነውና በዚህም ዘመቻ የሚወድቅ አለ።

ሰንጠረዥ የሚጫወቱ አንባቢዎቻችን ፈረሳቸው ቢበላባቸው ይቈጫሉ፤ ነገር ግን ለፈረሱ ለቅሶ አይቀመጡለትም፤ በሚቀጥለው ጨዋታ ያው ፈረስ በቦታው ይቆማልና። በዚህኛው ጨዋታ የወደቀው ሰው በቦታው አይቆምም። ኀዘኑ ከወዴት እንደ መጣ ለመረዳት ጨዋታው ራሱ የተወለደበትን መንገድ ማየት ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።)

በ1824 በፕሩሲያ ፎን ራይስቪትስ የሚባል ወጣት መኰንን አባቱ የጀመረውን የጦር ጨዋታ አሻሽሎ፥ መኰንኖች በካርታና በዳይስ የጦር ስልት የሚለማመዱበት ትምህርት አደረገው። በዚያ ጨዋታ አንድ ሻለቃ ጦር ቢደመሰስ ከሒሳቡ ቍጥር ይቀነሳል እንጂ ስሙ ተጠርቶ የሚታዘንለት የለም። ይህ ዐይነት ጨዋታ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ለጨዋታ ወዳዶች መዝናኛ ከሆነ በኋላ፥ በ1969 በሚኒሶታ ዴቪድ ዌስሊ የተባለ ሰው ብራውንስታይን ብሎ በሰየመው ጨዋታ ለተጫዋቾቹ ጦር መስጠቱን ትቶ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰው ሰጣቸው። ከተጫዋቾቹ አንዱ የነበረው ዴቭ አርነሰን ሐሳቡን ወስዶ ብላክሙር የሚባል የራሱን ምናባዊ አገር ሠራበት፤ ከዚያም በዊስኮንሲን ጠቅላይ ግዛት ከሚኖረው ከጌሪ ጋይጋክስ ጋራ ሆኖ በ1974 «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን ጨዋታ አወጡ። የስሙ ትርጓሜ ወኅኒዎችና ዘንዶዎች እንደ ማለት ነው። መጀመሪያ የታተመው 1000 ቅጂ ብቻ ነበር። እንግዲህ ሻለቃው ጦር አንድ ሰው ሲሆን፥ ሞቱም በዚያው መጠን ከቍጥር ወደ ኀዘን ተለወጠ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን የዚህ ሰው ነፍስ እጅግ ርካሽ ነበረች። ጋይጋክስ የበረቱትን ተጫዋቾች ለመፈተን «የድንጋጤ መቃብር» የሚባለውን ታሪክ ጽፎ በ1975 በአንድ የተጫዋቾች ጉባኤ ላይ አቀረበው፤ በ1978ም አሳተመው። በዚያ መቃብር ውስጥ አፉን የከፈተ አረንጓዴ የሰይጣን ፊት በግድግዳ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። መንገድ ነው ብሎ ወደ አፉ የገባ ባለ ታሪክ ወዲያው ይጠፋል፤ የሚቀበር ሬሳ እንኳ አይተርፍለትም። በ1977 የወጣው «ትራቨለር» የሚባለው ጨዋታ ደግሞ ይብሳል፤ ተጫዋቹ ገና የባለ ታሪኩን ያለፈ የሕይወት ታሪክ በዳይስ ሲወስን፥ ጨዋታው ሳይጀመር ሊሞትበት ይችላል። በዚህ የሚስቁ አሉ፤ እኛም ስቀናል። ሰው ያልደከመበትን ነገር ቢያጣ ስለማይከፋው በእንዲህ ያለው ጨዋታ ሞት የቀልድ ቅመም ይሆናል።

ችግሩ የሚመጣው ዘመቻው በረዘመ ጊዜ ነው። አንድ ወጣት ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ቅዳሜ የተጫወተውን ባለ ታሪክ እናስብ። ከድኻ አባት እንዲወለድ አድርጎታል፤ ጓደኞቹን ሦስት ጊዜ ከሞት አድኖባቸዋል፤ ለእኅቱ ማግባት ጥሎሽ የሚሆን ወርቅ ያጠራቅም ነበር። አንድ ማታ ከአንድ ተራ ሽፍታ በተወረወረ ቀስት ይወድቃል። ዳይሱ ይህን አለ። መሪው ምን ያድርግ?

ብዙዎች መሪዎች የሚያደርጉትን እናውቃለን። መሪው ወረቀቶቹንና ዳይሱን የሚሸሽግበት ትንሽ መጋረጃ በፊቱ ያቆማል፤ ከመጋረጃው ጀርባ የወጣውን ቍጥር ለብቻው አይቶ፥ ራርቶ፥ «ቀስቱ ሳተህ» ይላል። ልቡ መልካም ነው፤ ሥራውን ግን አናመሰግነውም። ምክንያቱም ይህ ምሕረት አንድ ቀን መታወቁ አይቀርም፤ በታወቀም ጊዜ ያለፈውን ሁሉ ያበላሻል። ወጣቱ ወደ ኋላ ተመልሶ «ዘንዶውን የገደልሁት እኔ ነኝን ወይስ ያን ጊዜም ተራርቶልኝ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ዓመት የተደሰተበትን ድል በአንድ ጥርጣሬ ያጣዋል፤ ይህም ከባለ ታሪኩ ሞት የከፋ ጉዳት ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡትም ከዚያ ወዲያ የመሪውን ፊት እንጂ ዳይሱን አይመለከቱም።

በዚህ ነገር ጋይጋክስ ራሱ በ1979 ለመሪዎች በጻፈው መጽሐፍ ያስቀመጠው ምክር ብዙ ጊዜ ተዘንግቷል። ተጫዋቹ የሚገባውን ሁሉ በጥንቃቄ አድርጎ ሳለ ዕድል ብቻ ቢጥለው፥ መሪው ሞቱን ወደ ሌላ ጉዳት ሊለውጥለት ይችላል ይላል፤ ራሱን ይስታል፥ ወይም እጁን አለዚያም እግሩን ያጣል፥ ወይም አንድ ዐይኑ ይጠፋል። በሞኝነት ለሞተ ግን ይህን ቸርነት አይፈቅድም። ደግሞም መሪው ከቶ እንዳይነካው ያስጠነቀቀው አንድ የዳይስ ውርወራ አለ፤ እርሱም የሞተው ሲነሣ ሰውነቱ መነሣቱን ይችል እንደ ሆነ የሚፈርደው ነው። ምሕረት ሞትን ሊያዘገይ ይችላል፤ ሞቶ በሚመለሰው ላይ ግን ዳይሱ ብቻ ይፈርዳል ማለቱ ነው። በዚህ አከፋፈል ጥበብ አለበት። እኛ የምንጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሪው የሚምር ከሆነ በአደባባይ ይማር። «ቀስቱ መትቶሃል፤ ትሞት ነበር፤ ነገር ግን ዐይንህን ይዞ ሄዷል» ቢል፥ ተጫዋቹም ጓደኞቹም ዋጋው ምን እንደ ሆነ ያያሉ፤ ባለ ታሪኩም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዐይና ሆኖ ታሪኩ ይበረታል።

በ2014 የወጣው የዚሁ ጨዋታ አምስተኛ ሕግ ሞትን በሌላ መንገድ አለዝቦታል። የሕይወት ነጥቡ ያለቀበት ባለ ታሪክ ወዲያው አይሞትም፤ ራሱን ስቶ ይወድቃል። ተራው በደረሰ ቍጥር ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ይጥላል። 10 ወይም ከዚያ በላይ ቢወጣ አንድ መልካም፥ ከ10 በታች ቢወጣ አንድ ክፉ ምልክት ይጻፍለታል። ሦስት መልካም ከቀደመ ይረጋጋል፤ ሦስት ክፉ ከቀደመ ይሞታል። 1 የወጣበት ሁለት ክፉ ይቈጠርበታል፤ 20 የወጣለት ግን አንድ የሕይወት ነጥብ አግኝቶ ዐይኑን ይገልጣል። የዚህ ሕግ ዋና ጥቅሙ በወደቀው ላይ ሳይሆን በቆሙት ላይ የሚታይ ይመስለናል። ሁለት ክፉ ምልክት ተጽፎበት የተኛውን ጓደኛቸውን እያዩ፥ ወደ እርሱ ሮጠው ቁስሉን ያስሩለት ዘንድ ወይም ጠላቱን ቀድመው ይገድሉ ዘንድ በዚያች ቅጽበት መወሰን አለባቸው። ቢሞት እንኳ ብቻውን አልሞተም።

በዚያው ሕግ የሞተውን ማስነሣትም ይቻላል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የተደረሰለት 300 ወርቅ በሚያወጣ አልማዝ፥ ከሞተ ከዐሥር ቀን ያላለፈው ደግሞ 500 ወርቅ በሚያወጣ አልማዝ በአስማተኛ ኀይል ይነሣል፤ አልማዙም በሥራው ይጠፋል። ዘመቻው ሀብታም ከሆነ ሞት እንግዲህ የሚከፈል ዕዳ ብቻ ይሆናል፤ ማንም አይፈራውም፤ ያልፈሩትንም ጠላት ማሸነፍ አያስደስትም። ሆኖም በሕጉ ውስጥ አንድ የሚያምር ነገር ተቀምጧል፤ ነፍሱ መመለስን ካልፈቀደች ማንም በግድ ሊያስነሣው አይችልም። ስለዚህ ባለ ታሪኩን ማን እንደሚመልሰው የሚወስነው ባለቤቱ ተጫዋቹ ነው። «ይብቃው፤ በክብር ሞቷል» ካለ ጓደኞቹ አልማዙን ይዘው ሊጫኑት አይገባም።

ሁሉም ጨዋታ ሞትን በአንድ ዐይን አይመለከተውም። በ1981 በሳንዲ ፒተርሰን ተጽፎ የወጣው «የክቱሉ ጥሪ» መርማሪዎቹ እንዲያብዱና እንዲሞቱ አስቀድሞ የታሰበ ነው። በ1984 የወጣው «ፓራኖያ» ለእያንዳንዱ ባለ ታሪክ ተተኪ አምሳያዎችን ስለ አዘጋጀለት አንዱ ሲሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል፤ ይህ ለሣቅ ብቻ ነው። «ድሬድ» በሚባለው የ2005 ጨዋታ ዳይስ የለም፤ ጄንጋ የሚባለው የእንጨት ግንብ በጠረጴዛው መካከል ይቆምና ግንቡን ያፈረሰው ተጫዋች ባለ ታሪኩን ያጣል። (ጄንጋ የሚለው ስም መገንባት ከሚለው የስዋሂሊ ቃል የመጣ ነው።) በ2015 የወጣው «ዐሥር ሻማዎች» ደግሞ ከመጀመሪያው ሁሉም እንደሚሞቱ ይነግራቸዋል፤ ተጫዋቾቹ ሳይጀምሩ የባለ ታሪኮቻቸውን ድምፅ በመቅረጫ ያስቀራሉ፤ የመጨረሻው ሻማ ጠፍቶ ሁሉም ከሞቱ በኋላ በጨለማ ተቀምጠው ያንኑ ድምፅ ይሰማሉ።

ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች ግን ከሁሉ ይልቅ ልንነግራቸው የምንወደው ስለ «ፔንድራገን» ነው። ይህን ጨዋታ ግሬግ ስታፎርድ በ1985 አወጣው፤ ተጫዋቾቹ በንጉሥ አርተር ዘመን የሚኖሩ የብሪታንያ ፈረሰኞች ናቸው። ዘመቻው ዓመት በዓመት ይሄዳል፤ የየዓመቱ ፍጻሜ ክረምት ነው። በዚያ ክረምት ጦርነት ቀርቶ የቤት ነገር ይታያል፤ ርስቱ ምን እንደ ሰጠ፥ ፈረሰኛው ማንን እንዳገባ፥ ልጅ ተወልዶ እንደ ሆነ፥ ፈረሱ እንደ ተረፈ፥ እርጅና ጕልበቱን እንደ ቀነሰው ሁሉ በዳይስ ይወሰናል። በ2006 የታተመው ታላቁ ዘመቻ ከ485 እስከ 566 ስለሚዘልቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚቆይ አንድም ፈረሰኛ ሊኖር አይችልም። እንግዲህ አባቱ በጦር ሜዳ ወይም በአልጋው ላይ ሲሞት ልጁ ይነሣል፤ አባቱ ካገኘውም ክብር ዐሥረኛውን ይወርሳል። ተጫዋቹ ያው ነው፤ የያዘው ግን ልጁን ነው። በአባቱ ሞት ያዘነ ተጫዋች ያን የአባቱን ገዳይ ከሃያ ዓመት በኋላ በልጁ ዐይን ሲያየው የሚሰማውን ነገር ሌላ ጨዋታ ሊሰጠው አይችልም። ስለዚህ ዘመቻ ሊጀምሩ ያሰቡ ሁሉ፥ የሚጫወቱት ፔንድራገንን ባይሆን እንኳ፥ ለባለ ታሪኩ ገና በሕይወት ሳለ ልጅ፥ ወንድም፥ አሽከር ወይም ደቀ መዝሙር ቢጽፉለት መልካም ይመስለናል።

በቅርብ ዓመታት ብዙ ሰው ያየው የባለ ታሪክ ሞት በ2018 የሆነው ነው። ክሪቲካል ሮል የሚባሉት አሜሪካውያን የድምፅ ተዋንያን ከ2015 ጀምሮ ጨዋታቸውን በኢንተርኔት እያሳዩ ይጫወታሉ፤ በዚያን ጊዜ መሪያቸው ማቴው ሜርሰር ነበር። በሁለተኛው ዘመቻቸው ባሪያ ፈንጋዮች ከጓደኞቻቸው አንዳንዶቹን በሌሊት ማርከው ወሰዱባቸው። የቀሩት አሳድደው በመንገድ ላይ ገጠሟቸው፤ ታሊየሰን ጃፊ የያዘው ሞሊሞክ የሚባለው ባለ ታሪክ በዚያ ውጊያ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ የፈንጋዮቹም አለቃ በወደቀበት ገደለው። የምታድናቸው ፈዋሽ ራሷ ከተማረኩት መካከል ነበረች። ሜርሰር ጠላቱን ያለ ጠባዩ ርኅሩኅ አላደረገውም። ጓደኞቹ ሞሊሞክን በመንገዱ ዳር ቀበሩት፤ ያን በጌጥ የተሞላ ካባውንም በመቃብሩ ላይ አቆሙለት። ጃፊ ከዚያ በኋላ ይዞት የመጣው አዲስ ባለ ታሪክ የመቃብር ስፍራ የሚጠብቅ ረጋ ያለ ሰው ነበር፤ ኀዘነኞቹን ጓደኞችም የማረኳቸውን ለማስመለስ ረዳቸው። የቀድሞውን ሰው ስም ለውጦ ማምጣት ቀላል ነበረ፤ እርሱ ግን ከሟቹ ጋራ በምንም የማይመሳሰል፥ ለኀዘኑም የሚስማማ ሰው መረጠ። ይህን አመራረጥ ለሁሉም እናመሰግናለን።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ልጃቸው ከጨዋታ ተመልሶ ራት አልበላም ያለባቸው ወላጆች ምክንያቱን ሲሰሙ ከሁለት ስሕተት በአንዱ ይወድቃሉ። አንዱ መሳለቅ ነው፤ «የሞተው ወረቀት ነው» ይሉታል። ሁለተኛው መደንገጥ ነው። በ1984 በአሜሪካ ጃክ ቺክ የሚባል ሰው ባሳተመው ትንሽ የሥዕል መጽሐፍ ባለ ታሪኳ የሞተባት ልጅ ራሷን እንዳጠፋች አድርጎ ጽፎ ብዙ ወላጆችን አስፈራ፤ ያ ታሪክ ግን የእርሱ ፈጠራ እንጂ የሆነ ነገር አልነበረም። ወላጅ የሚሻለው ስለ ሟቹ መጠየቅ ነው። ማን ነበረ? እንዴት ሞተ? ማንን አዳነ? ልጁ ሲተርክ ግማሹ ኀዘን በትረካው ይወጣል። ኀዘኑ ሳምንት አልፎ እንቅልፍና ምግብ የሚከለክል ከሆነ ግን ሥሩ ከጨዋታው ውጭ ሊሆን ይችላልና በሌላ ስፍራ መፈለግ ይገባል።

የጨዋታው መሪ ደግሞ ከጠረጴዛው ዙሪያ በእውነት የሞተበት ሰው እንዳለ ማወቅ አለበት። አባቱን በቀበረ በወሩ የመጣን ሰው በጨዋታ ውስጥ አባቱን መልሶ መቅበር ጭካኔ ነው። ስለዚህ ዘመቻ ሳይጀመር አንድ ማታ ለምክር ብቻ መሰብሰብ ልማድ ሆኗል፤ ባለ ታሪክ ሊሞት ይችላል ወይስ አይችልም፥ ቢሞት ይነሣል ወይስ አይነሣም፥ ሕፃን የሚሞትበት ታሪክ እንዲነሣ ማን አይወድም የሚለው ሁሉ በዚያ ማታ ይወሰናል። ጆን ስታቭሮፑሎስ ያስለመደው ዘዴም አለ፤ የኤክስ ፊደል የተጻፈበት ካርድ በጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ አንድ ሰው ነገሩ ከከበደው ካርዱን ይነካል፤ ያ ክፍል ምክንያት ሳይጠየቅ ይዘለላል።

ሞቱ በሆነ ማታ የሚደረገውንም እንናገር። ዳይሱ ከፈረደ በኋላ መሪው ወደሚቀጥለው ጠላት አይቸኵል፤ ጨዋታውን ለጥቂት ጊዜ አቁሞ የባለ ታሪኩን የመጨረሻ ቃል ለተጫዋቹ ይተውለት፤ መናገር ካልፈለገም አያስገድደው። ተጫዋቹ የቀረውን ሌሊት እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ መንገድ መሪውን ወይም አንድ ወታደር፥ ደስ ካለው ከጠላቶቹም አንዱን ያውሰው። አዲሱን ባለ ታሪክ በዚያው ሌሊት ማስገባት ግን መልካም አይደለም፤ መቃብሩ ሳይደርቅ የመጣ እንግዳ አይወደድም። በድሮ ልማድ አዲሱ ባለ ታሪክ ከታችኛው ማዕርግ ይጀምር ነበር። ይህን አንደግፈውም፤ ኀዘኑ ሳይበቃው ከጓደኞቹ በታች ሆኖ ማገልገል ቅጣት ይሆንበታልና ከእነርሱ ጋራ ተካክሎ ይግባ።

የመጨረሻው ስለ ሟቹ ዕቃ ነው። በጨዋታ ከሞት ይልቅ ጓደኛን ከጓደኛ የሚያጣላው ውርስ ነው፤ ሬሳው ሳይነሣ «ሰይፉ ለእኔ ይገባል» የሚል አይጠፋም፤ ያዘነውም ተጫዋች ይህን ሲሰማ እውነተኛ ቍጣ ይቈጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጫዋች ዘመቻው በሚጀመርበት ማታ በባለ ታሪኩ ወረቀት ጀርባ ላይ በሦስት መሥመር ኑዛዜ ይጻፍ፤ ሰይፉ ለማን እንደሚሰጥ፥ ፈረሱን ማን እንደሚወስድ፥ ለእናቱም ወይም ለእኅቱ የሚላከው ወርቅ ስንት እንደ ሆነ።